ሚስማሩን ማን ቆጠረው?

ኦገስት 24 ቀን 1992 ሊነጋጋ ሲል አንድሩ የሚባለው ሃሪኬን ከማያሚ በስተደቡብ ያለውን የዴድ ካውንቲ ክፍል መታ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 265 ኪሎ ሜትር ግድም ነበር። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሲያልፍ ከ25 ሺህ በላይ ቤት ፈርሷል፤ ሌላ 100 ሺህ ያህል ቤት ተጎድቷል። ሆምስቴድ በምትባለው ከተማ ከነበሩት 1,176 ተጎታች ቤቶች 1,167ቱ ወደሙ። የቀሩት ዘጠኝ ናቸው። ጉዳቱ 25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ፤ ካሳ መክፈል ያቃታቸው 11 የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከሰሩ።

ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ያን ያህል ሩቅ አይደለም። የአትላንቲክ ሃሪኬኖች ብዙዎቹ የሚጠነሰሱት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አፍሪካን አቋርጦ በሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው። አንድሩም በዚያው ኦገስት አጋማሽ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የወጣ ሞገድ ነበር። ተመራማሪዎች የአንዳንዶቹን ሞገዶች መነሻ ወደ ኋላ ሲከተሉ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ድረስ ደርሰዋል። ክረምት ላይ እዚህ ያጉረመረመ ደመና ከሳምንታት በኋላ ፍሎሪዳ ላይ ጣሪያ የሚያነሳበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ መዓት ሲወርድ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚደርስበት መልስ አለ፦ የፈጣሪ ቁጣ ነው፣ ከተፈጥሮ ጋር ማን ይታገላል። ፍሎሪዳም ይህንኑ ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። ያላለፈችው ፍርስራሹ ራሱ ሌላ ነገር ስለተናገረ ነው። አንዱ ሰፈር ከመሬት ጋር ሲጣበቅ ብዙም የማይርቀው ሌላ ሰፈር ቆሞ ተገኘ። የማያሚ ሄራልድ ጋዜጠኞች የጉዳቱን መዝገብ ከቤቶቹ የግንባታ ዘመን ጋር በኮምፒውተር ሲያስተያዩ ደግሞ ይበልጥ የሚያስደነግጥ ነገር ወጣ። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት ቤቶች ከአሮጌዎቹ የባሰ ተጎድተው ነበር። ጋዜጣው ስለ አንድሩ ባቀረበው ሥራ በ1993 የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው።

ሕግ ስላልነበረ ነው? አይደለም። ደቡብ ፍሎሪዳ ከ1957 ጀምሮ የራሷ የሕንፃ ኮድ ነበራት፤ ያውም በአሜሪካ ከጠንካሮቹ አንዱ ተብሎ የሚጠቀስ። ግን ከዚያ ዓመት ወዲህ ለረጅም ጊዜ አካባቢውን እንደ አንድሩ ያለ ማዕበል አልመታውም ነበር። ማዕበል ሲጠፋ ፍርሃት ይጠፋል፤ ፍርሃት ሲጠፋ ኮዱ በየስብሰባው ትንሽ ትንሽ ይሸረሸራል። ርካሽ ሰሌዳ ይፈቀዳል፣ ሚስማር በስቴፕል ሽቦ ይተካል። በጣሪያዎቹ ፍርስራሽ ላይ የታየው ይኸው ነው። የጣሪያውን ሰሌዳ ከታች ካለው ተሸካሚ እንጨት ጋር ማያያዝ የነበረበት ስቴፕል በብዙ ቤቶች እንጨቱን ስቶ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሰሌዳው ለዓመታት የተቀመጠው ተይዞ ሳይሆን የሚያነሳው ስላልመጣ ነው። ይህን ደግሞ ማንም ተቆጣጣሪ መሰላል ቢወጣ በአንድ እይታ ያየው ነበር። የሕንፃ ተቆጣጣሪዎቹ መዝገብ ሲገላበጥ ግን አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊያየው ከሚችለው በላይ የሆነ ብዙ ቤት «ታይቷል» ተብሎ ተፈርሞበት ተገኘ።

የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። በገጠርም በከተማም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ የሚደረደረው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የሃሪኬንን ምሕንድስና ግማሹን ያውቀዋል። ነፋስ ቤትን በዋናነት ገፍቶ አይጥለውም፤ ጣሪያውን ወደ ላይ ስቦ ያነሳዋል። መስኮት ወይም የጋራዥ በር ከተሰበረ ደግሞ ነፋሱ ውስጥ ገብቶ ከታች ይገፋል፤ ከላይ ይስባል፣ ከታች ይገፋል። ጣሪያው ሲሄድ ግድግዳውን ከላይ የሚይዘው ነገር ስለማይኖር እሱም ይከተላል። ስለዚህ ጥያቄው ጣሪያው ከግድግዳ፣ ግድግዳው ከመሠረት በምን ታስሯል የሚል ነው። መልሱ ሚስማር፣ የብረት ማሰሪያ፣ ብሎን፣ ፌሮ ነው። ሁሉም ቤቱ ሲያልቅ ተሸፍኖ የሚቀር ነገር ነው። ቤት ገዢ እብነ በረዱን ያያል፣ የወጥ ቤቱን ቁምሳጥን ይከፍታል፤ የጣሪያውን ሚስማር የሚቆጥር ገዢ የለም። ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል የሚለው ክርክር የሚወድቀው በዚህ ነው። የማይታይ ዕቃ ላይ ገዢ ዋጋ አይጨምርም፤ ገዢ ዋጋ የማይጨምርበትን ደግሞ ሻጭ አያስገባውም። አንድ ሰው በመንግሥት ስም መሰላል ላይ ወጥቶ ሊያይለት ይገባል።

የአንድሩ ሌላው ትምህርት የሕጉ መበታተን ነበር። በዚያን ጊዜ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ400 በላይ የአካባቢ አስተዳደሮች ከቀረቡላቸው ኮዶች የወደዱትን መርጠው፣ እንደፈለጉ አሻሽለው ይሠሩበት ነበር። አንድ ኮንትራክተር ድልድይ ሲሻገር ሕጉ ይቀየርበታል። ለቤት ሠሪው ምቹ የሆነው ከተማ ደግሞ ብዙ ቤት ይሠራበታል፤ ብዙ ቤት ሲሠራ ብዙ ግብር ይሰበሰባል። ስለዚህ ከተሞች የሚወዳደሩት በልልነት ሆነ። ገዥው ሎውተን ቻይልስ በ1996 አንድ አጥኚ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ምክር ቤቱ በ1998 ለመላው ግዛት አንድ ኮድ እንዲኖር ወሰነ፤ ኮዱ ማርች 1 ቀን 2002 ሥራ ላይ ዋለ። ከአንድሩ እስከዚያች ቀን አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ነው የቀረው። ለአንድ ሕግ ረጅም ጊዜ ነው። በመሃሉ የተሠሩት ቤቶች ቁጥር ሲታሰብ ደግሞ በጣም ረጅም።

አዲሱ ሕግ ምን አመጣ? በጣም የታወቀው ማያሚ ዴድ ከአንድሩ በኋላ የጀመረችው የመስኮት ሙከራ ነው። አራት ኪሎ የሚመዝን አጣና ከመድፍ መሰል መሣሪያ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት መስታወቱ ላይ ይተኮሳል። መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ መበሳት ግን የለበትም። ከዚያ የተሰነጠቀው መስታወት በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ በአየር ግፊት ይገፋል፣ ይሳባል። ይህን ያለፈ መስኮት፣ አለዚያም መስኮቱን የሚሸፍን የተፈተነ መከለያ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ማያሚ ዴድና ጎረቤቷ ብራዋርድ ከሌላው ፍሎሪዳ የጠበቀ የራሳቸው ምዕራፍ አላቸው። ለሌላው ግዛትም የሚስማሩ ዓይነትና ርቀት፣ የብረት ማሰሪያው፣ የጣሪያው መሸፈኛ ሁሉ በየአካባቢው የነፋስ ኃይል ተሰልቶ ተደነገገ።

ውጤቱን ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። ኦገስት 13 ቀን 2004 ሃሪኬን ቻርሊ ፑንታ ጎርዳን መታ። በአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው የቤቶች ደህንነት ተቋም የካሳ ጥያቄዎችን ሲመረምር፣ በዘመናዊው ኮድ የተሠሩ ቤቶች ከአሮጌዎቹ ይልቅ ካሳ የጠየቁት በ60 በመቶ ባነሰ መጠን ነው፤ የጠየቁትም ቢሆን ጉዳታቸው በ42 በመቶ ያነሰ ነበር። በ2018 የታተመ የሦስት ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ የብዙ ዓመት የካሳ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ፣ ኮዱ የነፋስ ጉዳትን እስከ 72 በመቶ መቀነሱንና ለኮዱ ተብሎ የወጣው እያንዳንዱ ዶላር ስድስት ዶላር ያህል ጉዳት ማስቀረቱን አሳየ። መንግሥት ከሚያወጣቸው ሕጎች ስንቱ ነው እንዲህ ያለ ሒሳብ ሊያቀርብ የሚችል?

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም፤ ምክንያቱም «ለመላው ግዛት አንድ ኮድ» የተባለው ሕግ ሲወጣ በስተጓሮ በኩል አንድ ቀዳዳ ተትቶለት ነበር።

ፓንሃንድል የሚባለው የፍሎሪዳ ሰሜን ምዕራብ ክፍል ነው። ረጅም ነጭ አሸዋ፣ የጥድ ደን፣ እንደ ማያሚ ሀብት ያልተትረፈረፈበት አገር። ኮዱ ሲጸድቅ የአካባቢው ቤት ሠሪዎችና ተወካዮቻቸው፣ እኛ ዘንድ እንደ ደቡቡ ያለ ማዕበል አይመጣም፣ የማያሚ መስኮት እዚህ ድሃውን ቤት ያሳጣዋል ብለው ተከራከሩ። ምክር ቤቱም ሰማቸው። በሌላው የባሕር ዳርቻ የመስኮት ጥበቃው ግዴታ የነፋስ ካርታውን ተከትሎ ወደ መሀል አገር ሲገባ፣ በፓንሃንድል ግን ከባሕሩ አንድ ማይል ድረስ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። አንድ ማይል! ነፋስ ባሕር ዳር ላይ መታወቂያ አሳይቶ የሚቆም ይመስል። በ2004 ሃሪኬን አይቫን ያንኑ አካባቢ ደበደበው። ልዩ ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ የተነሳው ግን በ2007 ነው።

ኦክቶበር 10 ቀን 2018 «እንደ ደቡቡ ያለ ማዕበል አይመጣም» በተባለበት በዚያው ፓንሃንድል ሃሪኬን ማይክል ደረሰ። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከአንድሩ ወዲህ በዋናው የአሜሪካ ምድር ላይ ያረፈ የመጀመሪያው ምድብ አምስት ሃሪኬን ሆኖ ተመዘገበ። ሜክሲኮ ቢች የምትባለው ትንሽ ከተማ በባሕሩ በኩል ያለው ክፍሏ ተጠርጎ ሄደ። ከዚያ ቀን የቀረ አንድ ታዋቂ ፎቶ አለ። ዙሪያውን መሠረት ብቻ ቀርቶ፣ መሃል ላይ አንድ ቤት ቆሟል። ቤቱ በዚያው ዓመት ያለቀ፣ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ በአርማታ የተሠራ፣ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ነፋስ ታስቦ የተነደፈ ነበር። ባለቤቶቹ ኮዱ ከሚጠይቀው እጅግ አልፈው ነው የሠሩት፤ ሕግ አስገድዷቸው ሳይሆን አቅሙም ፍላጎቱም ስለነበራቸው።

ያ ፎቶ በመላው ዓለም ሲዞር ብዙ ሰው የተናገረው ስለ ቤቱ ነው። መናገር የሚገባው ግን ስለ ጎረቤቶቹ ነበር። ጎረቤቶቹ ሰነፎች አልነበሩም። ብዙዎቹ ቤቶች የተሠሩት ከኮዱ በፊት ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ በወቅቱ የተጠየቁትን አሟልተው ነበር፤ የተጠየቁት ግን ከማያሚ በጣም ያነሰ ነበር። ባለአቅሙ ራሱን አዳነ፣ ሌላው ሕጉ በፈቀደለት መጠን ተጎዳ። ኮድ የተፈለሰፈው ይህን ለማስቀረት አልነበረም? ድሃን ለመጥቀም ተብሎ የወጣ ልዩ ፈቃድ በመጨረሻ ድሃው ላይ ነው የወደቀው።

ይህ ክርክር የፓንሃንድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪክ ተብሎ ይታለፍ ነበር። ዛሬም በየቦታው ያው ቃል ይደጋገማል፤ ቤት ተወደደ፣ ያስወደደው ኮዱ ነው። የኖርዝ ካሮላይና ምክር ቤት በ2023 የመኖሪያ ቤት ኮድ እስከ 2031 እንዳይሻሻል የሚያግድ ሕግ አወጣ። ገዥው ሮይ ኩፐር ድምጽን በድምጽ የመሻር ሥልጣናቸውን ተጠቅመው ቢቃወሙትም ምክር ቤቱ ውሳኔያቸውን ሽሮ አጸደቀው። ከሕጉ ጀርባ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ነበረ። ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 2024፣ ሄለን የዚያችኑ ግዛት ምዕራባዊ ተራሮች አጥለቀለቀች። በዚያ ጎርፍ የተወሰዱት ቤቶች ቀድመው የተሠሩ ስለሆኑ የ2023ቱ ሕግ ገደላቸው ማለት ሐሰት ይሆናል። ግን ዛሬ የሚሠራው ቤት ለሃምሳና ስልሳ ዓመት ይቆማል። በታገደው ኮድ በእያንዳንዱ ዓመት የሚሠራው ቤት ለሚቀጥለው ትውልድ የሚተላለፍ ዕዳ ነው።

ሐቁን ለመናገር፣ የቤት ሠሪዎቹ ክርክር ባዶ አይደለም። የተፈተነ መስኮት ውድ ነው። መጀመሪያ ቤት ለሚገዛ ወጣት ባልና ሚስት በዋጋው ላይ የሚጨመረው ሺህ ዶላር ብድር ሊያስከለክላቸው ይችላል። ኮድ ሲጻፍ በየመስመሩ የየራሱን ዕቃ ለመሸጥ የሚሮጥ ኩባንያም አይጠፋም። እያንዳንዱ መስፈርት መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ሲላላም በማስረጃ ሊላላ ይችላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የፍሎሪዳ የጣሪያ ደንብ ነው። ቀድሞ በ12 ወር ውስጥ ከጣሪያው ከሩብ በላይ ከተጠገነ መላው ጣሪያ በአዲሱ ኮድ እንዲታደስ ያስገድድ ነበር። በ2022 ይህ ግዴታ በ2007 ኮድና ከዚያ ወዲህ ለተሠሩ ጣሪያዎች ቀረ፤ እነሱ መጀመሪያውኑ ጠንክረው ተሠርተዋልና ሲጠገን የተጠገነው ክፍል ብቻ በአዲሱ ደንብ ይሁን ተባለ። ይህ ምክንያት ያለው ማላላት ነው። የፓንሃንድሉ ግን ካርታውን አይቶ ሳይሆን ድምጽ ቆጥሮ የተደረገ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ማሻሻያ» ብሎ መጥራት ነው አደገኛው።

ደግሞም ዋጋው የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኮዱ ሲላላ ወጪው አይጠፋም፤ ከቤቱ ሽያጭ ዋጋ ወጥቶ ወደ ኢንሹራንስ አረቦኑ፣ ከዚያ ወደ መንግሥት የአደጋ ዕርዳታ፣ በመጨረሻም ወደ ግብር ከፋዩ ይሄዳል። ቤት ሠሪው ቁልፍ አስረክቦ ከሄደ በኋላ የሚመጣ ወጪ ስለሆነ እሱን አያሳስበው። ዛሬ የፍሎሪዳ የቤት ኢንሹራንስ በአሜሪካ ከውዶቹ መካከል ነው፤ የግል ኩባንያዎች ሲወጡና ሲከስሩ ግዛቲቱ ያቋቋመችው ሲቲዝንስ የተባለው የመጨረሻ መጠጊያ መድን በ2023 ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ውል ተሸክሞ ነበር። ለዚህ ውድነት የክስ ብዛትና ሌላም ምክንያት አለው። ግን ጣሪያው የታሰረበት ቤት አረቦኑ ላይ ቅናሽ የሚያገኘው በሕግ ነው፤ ኢንሹራንሱም ያውቃል ማለት ነው ሚስማሩ ምን እንደሚያወጣ።

ኮዱ የማይደርስባቸው ሰዎች ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው፤ የኮዱ ደጋፊዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። የሕንፃ ኮድ ለአዲስ ቤት የሚጻፍ ሕግ ነው። በ1975 የተሠራ ቤት ውስጥ በጡረታ የምትኖር ባልቴት ኮዱ ምንም አያደርግላትም፤ ጣሪያዋን እስክትቀይር ድረስ ቤቷ በ1975ቱ ሚስማር እንደተያዘ ይኖራል። ተጎታች የሚባሉት፣ ከፋብሪካ ተሠርተው የሚመጡት ቤቶች ደግሞ ጭራሽ በግዛቱ ኮድ አይገዙም፤ የሚገዙት በፌዴራሉ መንግሥት ደንብ ነው። ያ ደንብ ከአንድሩ በኋላ በ1994 ጠንክሯል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም በቻርሊ ጊዜ ከአሮጌዎቹ በጣም ተሽለው ታይተዋል። ግን በፍሎሪዳ ከ1994 በፊት የተሠሩ ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው ሞልተዋል። ኦክቶበር 2024 ሃሪኬን ሚልተን ገና ወደ ባሕሩ ዳር ሳይደርስ በቀሰቀሳቸው አዙሪት ነፋሶች በሴንት ሉሲ ካውንቲ በአንድ የጡረተኞች መንደር ስድስት ሰዎች ሞቱ። መንደሩ ከፋብሪካ በመጡ ቤቶች የተሠራ ነው።

ውሃውም አለ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2022 ኢያን ደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳን ሲመታ በአዲሱ ኮድ የተሠሩ ቤቶች ነፋሱን በሚገባ ተቋቁመዋል። ከፎርት ማየርስ ወጣ ብሎ በአዲስ የተቆረቆረችው ባብኮክ ራንች መብራት እንኳ ሳይጠፋባት አደረች። ፎርት ማየርስ ቢች ላይ የነበሩት አሮጌ ዝቅተኛ ቤቶች ግን በባሕሩ ተወሰዱ፤ ማዕበሉ አጥለቅልቆ የገደላቸው 41 ሰዎች ናቸው። ውሃን ሚስማር አይመልሰውም፤ ቤቱን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው መፍትሔው። የፌዴራሉ የጎርፍ መድን ደንብ ደግሞ የጥገናው ወጪ ከቤቱ ዋጋ ግማሽ ከደረሰ ባለቤቱ ቤቱን በዛሬው ደንብ ከፍ አድርጎ እንዲሠራ ያስገድዳል። ደንቡ ትክክል ነው። ግን ይህን የሚችል ማን ነው? ያልቻለው ቦታውን ይሸጣል፤ የሚገዛው ባለሀብት ነው፤ በሦስተኛው ዓመት በቦታው ላይ በምሰሶ የቆመ ውብ ቤት ይታያል። ከተማዋ ከአደጋ ተረፈች ይባላል። የድሮ ነዋሪዎቿ ግን እዚያ የሉም።

የሰርፍሳይድም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ምንም እንኳ ነፋስ ባይኖርበትም። ጁን 24 ቀን 2021 ሌሊት ከማያሚ ቢች በስተሰሜን ያለ ባለ12 ፎቅ ኮንዶሚኒየም ከፊሉ ተደርምሶ 98 ሰው ሞተ። ሕንፃው በ1981 የተሠራ ነው፤ በካውንቲው ሕግ በ40 ዓመቱ የሚደረግለት ፍተሻ ገና በሂደት ላይ ነበር። የጥገናው ገንዘብ ጉዳይ ባለቤቶቹን ለዓመታት አጨቃጭቋቸዋል። በ2022 ግዛቲቱ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ ለሆኑ ኮንዶሚኒየሞች ሁሉ በ30 ዓመታቸው፣ እንደ አካባቢው ሁኔታ በ25 ዓመታቸው፣ ከዚያም በየ10 ዓመቱ ፍተሻ እንዲደረግ፣ ለጥገናም ገንዘብ እንዲቀመጥ ደነገገች። ሕጉ መዘግየቱ ካልሆነ በቀር ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን ለዐሥርተ ዓመታት ሲጠራቀም የኖረው የጥገና ዕዳ በአንድ ጊዜ በየበሩ ሲንኳኳ፣ በወር ጡረታ የሚኖሩ ሰዎች በአሥር ሺዎች ዶላር ክፈሉ ተባሉ። በ2025 ምክር ቤቱ ጥቂት የጊዜና የአከፋፈል እፎይታ ሰጥቷል። ደህንነት ሲዘገይ ወለዱ እንዲህ ነው።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ያየ ሰው «እንግዲያው ኮዱ ይላላ» የሚል መደምደሚያ ላይ ሊደርስ አይችልም። ኮዱ የማይደርስበትን ሰው ማዳን የሚቻለው ኮዱ የሚደርስበትን ቤት በማላላት አይደለም። የሚቻለው ለአሮጌው ቤት ገንዘብ በመመደብ ነው። አላባማ ይህን ቀድማ አድርጋዋለች። ለመላው ግዛት ጠንካራ የመኖሪያ ቤት ኮድ ሳይኖራት፣ ጣሪያውን በተፈተነ መንገድ ለሚያጠናክር ባለቤት እስከ 10 ሺህ ዶላር ትሰጣለች፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከኢንሹራንስ ዘርፉ ነው፤ ኩባንያዎቹም እንዲህ ላለ ቤት አረቦን እንዲቀንሱ በሕግ ይገደዳሉ። ባሕር ዳር ያሉት የሞባይልና የቦልድዊን ካውንቲዎች በዚህ ዓይነት ጣሪያ ብዛት በአገሪቱ ስማቸው ይነሳል።

ለሐበሻው ደግሞ ነገሩ ከወሬ ያለፈ ነው። ሂውስተን ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤት የገዙባት ከተማ ናት፤ አይክን በ2008፣ ሃርቪን በ2017፣ ቤሪልን በ2024 አይተዋል። ቴክሳስ እንደ ፍሎሪዳ በመላው ግዛት በአንድ ዓይን የሚታይና የሚፈተሽ ኮድ የላትም። ለነፋስ የተለየ ምርመራና የምስክር ወረቀት የሚጠየቀው ከግዛቱ የነፋስ መድን ማኅበር ውል ለማግኘት ሲሆን፣ እሱም በ14 የባሕር ዳር ካውንቲዎችና በሂውስተን ካውንቲ በሃሪስ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ከከተማ ክልል ወጣ ብለው በሚገኙት ሰፋፊ አዳዲስ ሰፈሮች ቁጥጥሩ ከከተማው የላላ ነው። ቤቱ ሰፊ፣ ዋጋው ቀላል፣ ግቢው ያማረ ስለሆነ ወገን የሚሮጠውም ወደዚያው ነው። ወኪሉ ስለ ትምህርት ቤቱ ደረጃ በደንብ ይናገራል፤ ጣሪያው በምን ከግድግዳው ጋር እንደታሰረ ሲጠየቅ የሚመልስ ግን ብዙ አይገኝም።

ፍሎሪዳም የራሷ የዕርዳታ ፕሮግራም አላት። በ2006 ተጀምሮ የቆመው፣ በ2022 እንደገና የተከፈተው ይህ ፕሮግራም ባለቤቱ አንድ ዶላር ሲያወጣ ግዛቱ ሁለት ዶላር እየጨመረ እስከ 10 ሺህ ዶላር ይሰጣል፤ አነስተኛ ገቢ ያለው ደግሞ ማዋጮ አይጠየቅም። ችግሩ ገንዘቡ ከጠያቂው ጋር አለመመጣጠኑ ነው። በ2024 በሩ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ማመልከቻ መቀበል ቆመ። ቀጣዩ የፍሎሪዳ ኮድ እትም በ2026 መጨረሻ ሥራ ላይ እንዲውል ታቅዷል፤ በየሦስት ዓመቱ እንደሚሆነው ሁሉ ቤት ሠሪው፣ ኢንሹራንሱ፣ መስኮት ሻጩ ሁሉም ጠበቃውን ይዞ ይቀርባል። የ1975ቱ ቤት ባለቤት ጠበቃ የላትም። እሷን የሚመለከተው ክርክር በኮዱ ኮሚሽን ሳይሆን በጀት በሚጸድቅበት ክፍል ነው፤ እዚያ ደግሞ ለጣሪያ የተመደበው ገንዘብ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይለመናል።